በጭስ ውስጥ የጠራሁት ስም

ባለፈው ሰኔ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ጠዋት በሐይቁ ዳር ስራመድ፣ አንድ ሰው የታጨደ ደንገል ፀሐይ ላይ አስጥቶ አገኘሁ። ደንገል ደርቆ ሳያልቅ የራሱ ሽታ አለው። እርጥብ ሣር፣ ጭቃና ጥቂት ዓሣ የተቀላቀለበት ይመስላል። ታንኳ ሊሠራበት እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

«ታንኳማ አሁን ማን ይሳፈርበታል እትዬ፤ ትንንሹን ሠርተን ለእንግዳ እንሸጣለን እንጂ» አለኝ።

የምሄድበት ቦታ ነበረኝ፤ ግን እዚያው ቆምሁ። እጄ ሳላስበው አንገቴን ሲዳብስ አገኘሁት። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ላይ ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ ታስሮልኝ ነበር።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በደርግ ዘመን ረቂቅ ሕገ መንግሥቱ በየቀበሌው አዳራሽ የተነበበበት ክረምት ነው። ከዚህ በታች ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ። አየሁ ካልሁት ውስጥ አንዱ እውነት አልነበረም፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ግቢያችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ነፋስ ከውሃው ሲመጣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ፣ አራት በር ያለው አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሶ የቀበሌ ሆኗል። አንደኛው በር የእትዬ ዘውዲቱ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸውን ሙላትን ሊድሩ ያሰቡ ሴት ናቸው። ሁለተኛው የእኛ ነው። አባቴ ከድሬዳዋ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው፤ እናቴ የይፋግ ልጅ ናት። በሦስተኛው አቶ ድረስ የሚባሉ ብቸኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በአራተኛው መሪጌታ አሉ፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ የታመመ ሲመጣላቸውም ጸሎት ደግመው ያጨሳሉ።

በግንቦት መጨረሻ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡና በየበሩ ላይ ቁጥር ጻፉ። ቀለሙ ቀይ ነበር፤ ከየቁጥሩ ሥር ወደ ታች ፈሰሰ። በሳምንቱ አቶ ድረስ ሞቱ።

እኔ ሁለቱን ነገር አገናኘኋቸው። ቁጥሩ የሞት ተራ ነው ብዬ አመንሁ። ሞት በሦስተኛው በር ጀምሯል፤ ያላወቅሁት ቀጥሎ ወደ አራት ይሄዳል ወይስ ወደ ሁለት ይመለሳል የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ የኔታ በር ላይ ቆሜ ሳላቸውን እጠብቃለሁ። ሲያስሉ እፎይ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ። እሳቸው ካሉ ተራው የእኛ ነዋ።

«ምን ሆነሽ ነው ማልደሽ ማልደሽ የምትመጪው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ደኅና አደሩ ወይ ልል ነው የኔታ።»

«ተባረኪ። እንዲህ ያለች ልጅ አላየሁም» ብለው መረቁኝ።

የአቶ ድረስ ቤት ባዶውን ሰነበተ። እትዬ ዘውዲቱ ለሙላት ይሰጠኝ ብለው ማመልከቻ አስገብተው ነበር፤ በበሩ ባለፉ ቁጥር ጓጉንቸሩን ነካ ያደርጉታል። በእኛና በዚያ ቤት መካከል ባለው ግድግዳ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። አቶ ድረስ መብራት ከእኛ የሚወስዱበት ሽቦ ያልፍበት ነበር። ሽቦው ሲነቀል ቀዳዳው ቀረ። ምሳ የምበላባት በርጩማዬ እዚያው አጠገብ ናት። ስበላ ከቀዳዳው ቀጭን ቀዝቃዛ አየር እየመጣ እግሬን ይነካኝ ነበር። ባዶ ቤት እንደሚተነፍስ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሰኔ አጋማሽ በቀትር ሰዎች መጡ። እናቴ በቀትር ከደጅ እንድወጣ አትፈቅድልኝም፤ በቀትር ውሃ ዳር የሚያገኙት ነገር አለ ትላለች። ከበሩ ውስጥ ሆኜ አየሁ። አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ከቁመታቸው የሚረዝም አረንጓዴ ደንገል ተሸክመው ገቡ። ፊታቸው በሸክሙ ተሸፍኗል። ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም፤ የደንገሉ ጫፍ መሬቱን ሲጠርግ ብቻ ይሰማል። ከኋላቸው የቀበሌው ዘበኛ ቁልፍ ይዞ መጣ። ሦስተኛውን በር ከፈተላቸውና ሄደ።

ሴትዮዋ ዘይነባ ትባላለች፤ ልጇ ሰዓዳ። ባሏ እንድሪስ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ባለፈው ክረምት ውሃው ሞልቶ ጎጇቸውን ስለ ወሰደባቸው፣ የዘማች ቤተሰብ ናቸው ተብሎ ቀበሌው ቤቱን ሰጣቸው። ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ ከሚሠሩት፣ ድሮም ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ከነበሩት ሰዎች ወገን ናቸው። እነሱ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ይላሉ። ግቢው የሚጠራቸው በሌላ ስም ነበር፤ እሱን አልደግመውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘውዲቱ እናቴን ደጃፋችን ላይ አገኟት።

«አየሽ ይኸን? ለልጄ ሲሆን ቤት የለም። ለእነዚህ ተገኘ።»

«የዘማች ቤተሰብ ናቸው አሉ እኮ» አለች እናቴ።

«ይሁኑ። ቤት ይሰጣቸው፤ ማን ጠላ? ግን ሰው ግቢ ውስጥ? ጉማሬ የበላ ሌላ ምን እንደሚበላ በምን ታውቂያለሽ? እኔ የምፈራው እጃቸውን አይደለም፤ ዓይናቸውን ነው። አንዲት ልጅ ናት ያለችሽ።»

በማግሥቱ ጤና አዳሙ አንገቴ ላይ ታሰረ። በደጃፋችንም ላይ ከዳር እስከ ዳር አመድ ተነሰነሰ። እናቴን ስጠይቃት መልስ ስላልሰጠችኝ ለጉንዳን ነው ብዬ ራሴ ደመደምሁ። ጉንዳን አልገባም፤ ስለዚህ ሠርቷል።

አባቴ ከፈረቃ ሲመለስ አመዱን ረግጦ ገባና ጫማውን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አመድ ነው» አለች እናቴ።

«አመድነቱንማ አየሁት።»

«ለጉንዳን ነው አባዬ» አልሁ።

እናቴን ቀና ብሎ አያት። እሷ ወደ ማጀት ገባች። «በዚህ አገር ጉንዳኑም የተለየ ነው» ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግድግዳው ወዲያ ሹክሹክታ ይሰማ ጀመር። ጠዋት ይጀምራል፤ ቀትር ላይ ያቆምና ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል። ሽ ይልና ይቆያል፤ ሽ ይልና ይቆያል፤ ከዚያ ጠብ የሚል ትንሽ ድምፅ ይከተላል። ዛሬ ደንገል ሲሰነጠቅና ሲታሰር እንዲያ እንደሚል አውቃለሁ። ያኔ ግን የሚያወራ ሰው ነበር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ቃል አልሰማም፤ ዞር ስል ግን ስሜን የጠራ ይመስለኛል። እመቤት። ደግሜ ስለጥፍ ሽ ብቻ ነው።

ሰዓዳን ያነጋገርኋት አንድ ጊዜ ነው። እናቴ ቧንቧ ወርዳ ነበር። ልጅቱ ከቤቱ ጀርባ በአጥሩ ሥር ተቀምጣ የደንገል ልጥ ትቋጥራለች። ከኋላዋ ቆምሁ። አልዞረችም።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኋት።

«ቋጠሮ» አለች፤ ፊቷ ወደ አጥሩ እንደ ሆነ። «የአባቴ ቋጠሮ ነው። ለእናቴ እሱ ነው ያስተማራት። ውሃ ሲነካው ይጠብቃል።»

«ለምን ዞር አትዪም?»

«ወደ እናንተ አላይም።»

ፊት የሌለው ሰው እንደሚያወራኝ ሆኖ ታየኝ። እንድትፈራልኝ ፈልጌ፣ «ሦስት ቁጥር ውስጥ የገባ ሰው ይሞታል» አልኋት።

«ታዲያ የምንሞተው እኛ ከሆንን፣ የምትፈሩት እናንተ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

እሷ መቋጠሯን ቀጠለች። «እኛ ከዚህ አንሄድም» አለች ቆይታ። «እናቴ ደብዳቤ አስጽፋለታለች። አባቴ ሲመጣ ሦስት ቁጥር ብሎ ነው የሚመጣው። ሌላ ቦታ ከሄድን አያገኘንም።»

የእናቴን ጀሪካን ድምፅ ስሰማ ሮጬ ገባሁ።

ሰዎቹ ከገቡ ጀምሮ በቀዳዳው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ቆሞ ነበር። ሰው ሲገባበት ቤቱ መተንፈስ ተወ ብዬ ነበር ያሰብሁት። ቀዳዳውን ግን ጎንበስ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ፈርቼ በርጩማዬን ፈቀቅ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ስበላ ሹክሹክታው ድንገት ቆመ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ግድግዳው ላይ ወድቃለች። ጎንበስ አልሁ።

ዓይን ነበር። ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ከቦታል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። እኔን ያያል። የያዝሁት ጉርሻ በእጄ ቀረ። እስኪርገበገብ ጠበቅሁ። አልተርገበገበም።

በማግሥቱም ነበረ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነበረ። በሦስተኛው ቀን ለእናቴ ነገርኋት። ሰሐን ታጥብ ነበር፤ እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ስትበዪ ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ሄዳ ቀዳዳውን አላየችም። እዚያ ዓይን አለ የተባለበትን ቀዳዳ ዓይኗን አስጠግታ የምታይ እናት በእኛ ግቢ አልነበረችም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጋቢ ደረቡልኝ፤ አልበቃም። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ የቆርቆሮው ክዳን ወደ እኔ ሲወርድና ሲወጣ ይታየኛል። አባቴ ፈረቃ ላይ ነበር። እናቴ እትዬ ዘውዲቱን ጠራች፤ እትዬ ዘውዲቱ የኔታን ጠሩ።

ከሰል በገል መጣ። የኔታ የደረቀ ቅጠልና ሥር በተኑበት። ከዚያ ጋቢውን በራሴ ላይ አልብሰው እሳቱን ከሥሩ አስገቡት። ጭሱ መራራ ነው፤ በአፍንጫ ገብቶ በዓይን የሚወጣ ይመስላል። ልወጣ ስል የሁለት ሰው እጅ ጫነኝ። አንደኛው የእናቴ ነበር፤ በቀለበቷ አወቅሁት።

«ማን ነህ?» አሉ የኔታ። በየጠዋቱ የሚመርቀኝ ድምፅ አልነበረም።

«እመቤት ነኝ» አልሁ።

«እሷን አልጠየቅሁም። ውስጧ ያለኸውን ነው። ማን ነህ? በየት መጣህ?»

ሳልሁ። ጭሱ ተጨመረ።

«በግድግዳው ነው የመጣኸው?» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። «ተናገር። በቀዳዳው ነው?»

ስሙን ማንም አልነገረኝም። ግን ያልተባለ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ሁሉም እሱን እየጠበቁ ነው። ሕፃን ብሆንም ይኸን አውቄአለሁ። ያን ስም ካላልሁ ጋቢው አይነሣም፤ ካልሁ ይነሣል።

«ዘይነባ ነኝ» አልሁ።

ጋቢው ወዲያው ተነሣ። አየር ገባኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሲሰማ የቆየው ሹክሹክታ በዚያች ቅጽበት ጸጥ አለ። ቀዳዳ ኖረም አልኖረ፣ ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

በኋላ ብዙ ሰው ከእኔ አፍ የወጣው የእኔ ድምፅ እንዳልነበረ ሲምል ሰምቻለሁ። የእኔ ነበር።

አባቴ ማታ መጥቶ ጭሱን አሸተተ። በማግሥቱ በብስክሌቱ አፈናጦ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ጣቴን ወጉኝ፤ ደሜን አዩ፤ ወረቀት ጻፉ፤ የሚመር ክኒን ሰጡኝ። ቤት ስንደርስ ወረቀቱን ለእናቴ ዘረጋላት።

«ወባ ነው። ተጽፏል።»

እናቴ ወረቀቱን አላየችም። «ወባ ይሁን። ማን ላከው?» አለች።

ቀጥሎ ባለው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ነበረ። በየቤቱ የረቂቁ መጽሐፍ ታድሏል፤ የእኛ መደርደሪያው ላይ ከአባቴ መፍቻዎች አጠገብ ተቀምጧል። አዳራሹ እርጥብ ልብስና ላስቲክ ጫማ ይሸታል። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን እየጠረጉ ክፍል በክፍል አነበቡ። ኢትዮጵያውያን በብሔረሰብ፣ በሃይማኖትና በጾታ ሳይለያዩ እኩል ናቸው ከሚለው ሐሳብ ሲደርሱ አቆሙና ጥያቄ ያለው ካለ አሉ።

እትዬ ዘውዲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የተነበበው መልካም ነው። እኩል መሆንን የሚጠላ የለም። እኔ የምጠይቀው፣ ልጅ ሲበላስ? እሱ የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሳቅ ስላልተከተለው ዝም አለ።

«ሲበላ ማለት?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ልጅቷ ይቻትና። የበላትን በገዛ አፏ ጠርታለች። ቤቱ ለሌላ ይሰጥልን፤ እነሱም ከወገናቸው ጋር ውሃ ዳር ይኑሩ። ክፉ አላሰብሁም።»

ዘይነባ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሰዓዳ ከጎኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ልጅቱ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች።

ሊቀ መንበሩ ወደ ፊት ጠሩኝ። አባቴ ሊከለክል ብድግ አለና ተወው።

«ስም ጠርተሻል ይባላል። እውነት ነው?»

«አዎ።»

«ማን በይ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

ሁለት መልስ ነበረኝ። አንዱ ጭሱ እንዲበቃኝ ብዬ ነው የሚለው ነው። እናቴ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ታየኛለች። ሁለተኛውን መለስሁ።

«ዓይኗን አይቻለሁ። ስበላ በቀዳዳው ታየኛለች።»

አዳራሹ ውስጥ የንብ ዓይነት ድምፅ ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ወደ ኋላ አዩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አላየኋትም» አለች ዘይነባ። ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከጠበቅሁት የቀለለ ድምፅ ነበር። «ከመጣን ጀምሮ ወደ ማንም አላየንም። ልጄንም ከልክያታለሁ። ቀዳዳውንማ እኔ...»

«ስሟን ልጅቷ ራሷ ጠርታ የለም እንዴ!» አሉ እትዬ ዘውዲቱ፤ ከየአቅጣጫው አዎ፣ አዎ ተባለ። የዘይነባ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ ቀረ። አልጨረሰችውም፤ እንድትጨርስም የጠየቃት የለም። ግቢያችን ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄዶ ቀዳዳውን የተመለከተ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴ ተነሣ። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«ልጄን የያዛት ወባ ነው። እዚህ ተጽፏል፤ ማኅተም አለው። ስም የጠራችው ጭስ ውስጥ ነው። እኔም ብታፈን ማንንም እጠራለሁ። እናንተም ትጠራላችሁ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም ከሌላ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ። ቤት ሲሰጠኝ ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወሰኑ። ቤቱ የዘማቹ ቤተሰብ ነው፤ ማንም አያስወጣቸውም። ሴትዮዋን ሰው ትበላለች ብሎ ስም ያወጣላት ሰው ፍርድ ሸንጎ ይቀርባል። አሁን ያነበብነው ለግድግዳ ጌጥ አይደለም አሉ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው። አጨበጨብን። እትዬ ዘውዲቱም አጨበጨቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን ይዞ፣ «አለቀ» አለኝ።

ውሳኔውን የጣሰ ሰው አላየሁም። ያ ስም በግቢው ውስጥ ዳግም አልተጠራም። ዘይነባ ቧንቧ ስትመጣ ሰልፉ ላይ ያሉት ጀሪካናቸውን አንሥተው ፈቀቅ ይላሉ፤ ለማያውቅ ሰው ተራ የለቀቁላት ይመስላል። ሞልታ እስክትሄድ ዝም ብለው ይቆማሉ። ከሄደች በኋላ ቧንቧውን በአመድ አሽተው ይቀዳሉ። ሰዓዳ ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ድምፅ አይኖርም። ዶሮ ራሱ ጸጥ ይል ነበር እላለሁ፤ ግን ይኸ የትዝታ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አመዱ መጣ። በየቀኑ ቀትር ላይ በሦስተኛው በር ደፍ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ቀጥ ያለ የአመድ መሥመር ይታያል። ማን እንደሚያደርገው አይታይም። ዘይነባ ትጠርገዋለች፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። በኋላ መጥረጉን ትታ እሷም ልጇም እየተሻገሩት ይወጡና ይገቡ ጀመር። የሹክሹክታው ድምፅ ከቀን ወደ ቀን አነሰ። እኔ የሞቱት የአቶ ድረስ መንፈስ ያደርገዋል ብዬ አስቤ፣ ጥላቸውን ለማየት አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ ጠበቅሁ። አመዱን በእፍኟ ይዛ መጥታ በጥንቃቄ የነሰነሰችው እናቴ ነበረች። ከጨረሰች በኋላ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አማተበች።

ለአባቴ አልነገርሁትም።

በሐምሌ መጨረሻ ዝናብ ባባራበት ቀን ሄዱ። ዘይነባ ከአጥሩ ጀርባ ታንኳ ስትሠራ ቆይታለች፤ ከእኛ ማንም ልብ አላለም። ቀትር ላይ እሷና ልጇ ተሸክመውት ወደ ውሃው ወረዱ። እናቴ፣ እትዬ ዘውዲቱና እኔ ከአጥሩ ሥር ቆመን አየናቸው። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ሰዓዳ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች፤ ዘይነባ ቆማ በረጅም ዘንግ ገፋችው። ታንኳው ባልታጨደው ደንገል መካከል ገባ። ደንገሉ ተከፈተ፤ ተመልሶ ገጠመ። ቅጠሉ እንኳ ሲንቀሳቀስ አልታየም፤ ሰው ያለፈበት አይመስልም ነበር።

ወዴት ብሎ የጠየቃት የለም። አባቴ ፈረቃ ላይ ነበር።

«በፈቃዷ ሄደች» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። በቀበሌም እንደዚያው ተብሎ እንደ ተመዘገበ አባቴ ሲናገር ሰማሁ። ቤቱ ከመስከረም ጀምሮ ለሙላት ተፈቀደ፤ እስከዚያ በሩ በሽቦ ታሰረ።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ እናቴ ቧንቧ በወረደችበት ሰዓት፣ ሰው በግቢው በር ቆሞ አየሁ። ካኪው ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል። አንድ እግሩን ይጎትታል። በሮቹን አንድ በአንድ እያየ መጣና ከቀዩ ሦስት ፊት ቆመ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ቁጥሩን አመሳከረ። አንኳኳ። ሽቦውን ያየው ካንኳኳ በኋላ ነው።

«የቤቱ ሰዎች ገበያ ናቸው?» አለኝ።

«ሄደዋል።»

«ወዴት?»

በጣቴ ወደ ሐይቁ አሳየሁት። ሐይቁ ብዙ ነው። እሱም አየው።

ሽቦውን ፈትቶ ገባ። እኔ ደፉ ላይ ቆምሁ። ቤቱ ተጠርጎ ባዶ ነው፤ የደንገሉ ሽታ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ዞረ፤ የተጻፈ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። በእኛ በኩል ባለው ግድግዳ ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

«ይኸን ማን ደፈነው?»

ቀርቤ አየሁ። ቀዳዳው ውስጥ በአንድ ላይ የታሰረ ደንገል ገብቷል፤ በላዩ በጭቃ ተለስኗል። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የጣት አሻራ አለበት። ጭቃውን በጥፍሩ ፈረፈረና ቋጠሮውን ነካው።

«የእኔ ቋጠሮ ነው። እሷ ናት» አለ። «እርጥቡን ነው ያሰረችው፤ የገባች ዕለት መሆን አለበት።»

ሳበው። እንቢ አለ፤ እርጥበት አጥብቆታል። ደግሞ ሲስበው ወጣ፤ ከእኛ ቤት ቀጭን ብርሃን ገብቶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። በቀዳዳው አጎንብሼ ሳይ በርጩማዬ ታየችኝ።

እስሩን በእጁ ሲያገላብጠው ወደ እኛ ዞሮ የነበረው ጫፍ ወደ እኔ ዞረ። በቢላ እኩል የተቆረጠ ነው። የደንገሉ ሆድ ነጭ ነው፤ ልጡ ጠቁሮ ዙሪያውን ከቦታል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር የጭቃ ጠብታ ደርቋል። አየኝ። አልተርገበገበም።

ሰውየው ገና ያንኑ ነገር ይዞ፣ «ለምን ደፈነችው ግን?» አለኝ።

ለምን እንደ ሆነ አውቄ ነበር። ዓይኗ ወደ እኛ አለፈ እንዳይባል ነው።

«ብርድ ይገባ ነበር» አልሁ።

ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ናት። ሰዓዳ ብርድ አትችልም» አለ። እስሩን ኪሱ ከተተ፤ በሩን ዘግቶ ሽቦውን እንደ ነበረ አሰረ፤ ወደ ውሃው ወረደ። ለምን እንደ ሄዱ አልነገርሁትም፤ ስሜንም አልነገርሁትም።

እናቴ ተመልሳ ምሳ ስታቀርብልኝ ቀዝቃዛው አየር እግሬን ነካኝ። እሷም ነካት መሰል ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ብዙ ቆየች። ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ የረቂቁን መጽሐፍ አወረደች፤ አንድ ገጽ ቀደደች፤ ጠቅልላ ወተፈችው።

የትኛው ገጽ እንደ ነበር አላየሁም። የእኩልነቱ ገጽ ነበር ብል የሚያምነኝ ብዙ ነው። ያላየሁትን አየሁ ያልሁት ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ይበቃኛል።